የሌለ ሽታ

ሽታው የመጣው እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። ቤቱ ታጥቦ፣ ወንበሩ ተስተካክሎ፣ እሷም ጸጉሯን አበጥራ እንግዳ የምትጠብቅበት ሰዓት ነበር። ቀን አመራረጡ ያናድዳል። ኩሽናው በር ላይ ተቀበላት፤ መጀመሪያ ቅርንፉድ፣ ከቅርንፉዱ ሥር ደግሞ በሳሙና ታጥቦ ገና ያልደረቀ ጸጉር። የእናቷ ጠረን ነው። እናቷ ጥርሷን ስለሚያማት ቅርንፉድ ከአፏ አይለይም ነበር፤ ጸጉሯንም ከታጠበች በኋላ ትከሻዋ ላይ በትና ነበር ቤቱን የምትዞረው። አሁን ግን እናቷ የለችም። በመጀመሪያው የኮሮና ማዕበል ጊዜ፣ ዘመድ እንኳ በወጉ ሳይጠጋት ነው የተቀበረችው።

ልጅቷ ፋርማሲስት ናትና ነገሩን ለሌላ ሰው ማስረዳት አያቅታትም። ያው በሽታ ሦስቱንም ይዟቸው ነበር። እናቷን ወሰደ፤ የአባቷን ሳንባ አደከመ፤ የእሷን አፍንጫ ደግሞ አበላሽቶ ተወው። ለወራት ምንም አይሸታትም ነበር፤ ሲመለስላትም ተዛብቶ ተመለሰ። ሳሙናው የዛገ ብረት ይሸታታል፣ ሎሚው የተቃጠለ ጎማ። ይሄ ሁሉ በሕክምና ስም አለው። ምንም በሌለበት ድንገት ከች የሚለው የእናቷ ጠረንም ስም አለው። ስም ስላለው ግን ኮሪደር ላይ ከኋላ ሰው ያለፈ ሲመስል ጀርባን የሚወረው ነገር አይቀርም። ቤቱ ደግሞ ጸጥ ያለ ነው፤ ከአባቷ የኦክስጅን ማሽን በቀር የሚተነፍስ ነገር አይሰማበትም።

ዳቦ ጋጋሪውን ያወቀችው በዚህ በተበላሸ አፍንጫዋ ሰበብ ነው። ክንዱን ምድጃ ልሶት ቅባት ሊገዛ ፋርማሲ ገብቶ ነበር። እሷ ጭስ ሸትቷት «ጭስ የለም እንዴ?» ስትል የሥራ ባልደረቦቿ እንደለመዱት ሳቁባት። እሱ አልሳቀም። ዓይኑን ጨፍኖ፣ አየሩን በደንብ ስቦ፣ «የለም። ካርቶንና አልኮል ብቻ ነው» አላት። ዳቦ መብሰሉን በሰዓት ሳይሆን በአፍንጫው የሚያውቅ ሰው መሆኑን በኋላ ነው የነገራት። የዚያን ቀን ልቧ እንዴት እንዳረፈ እሷ ናት የምታውቀው።

ከዚያ በኋላ ውል ያዙ። ሽታው ሲመጣባት ትደውልለታለች፤ እሱ በጓሮ በኩል ዞሮ የኩሽናው መስኮት ጋ ይመጣል። «አለ?» ትለዋለች። አንገቱን በመስኮቱ አስግጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያሸትና «የለም» ይላታል። ምን እንደሸተታት ግን ነግራው አታውቅም። «ከነገርኩህማ እኔን ለማስደሰት ትሸተዋለህ» ብላ ከለከለች። አባቷም አያውቁም። ሌላው ሰው ለወዳጁ አበባ ይዞ ይሄዳል፤ ፉርኖ፣ ሰፈሩ የሚጠራው እንደዚያ ነው፣ «የለም» ይዞ ይመጣ ነበር። እሷም አንዲቷን ቃል ለመስማት መስኮቱ ላይ ስትደርስ ጉንጯ ይቀላ ጀመር። ነገሩ እንዲህ እንዲህ እያለ ፍቅር ሆነ።

አክስቷ ይሄን ስትሰማ ራሷን ይዛ ጮኸች። «የዳኛ ልጅ! ዲግሪ በዲግሪ የሆንሽው ልጅ! ለፉርኖ?» አባቷ ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው። ዝም አሉ፤ የእሳቸው ዝምታ ደግሞ ድሮም ከፍርድ ያስፈራ ነበር።

እሷንና ፉርኖን ያጣላቸው ግን የዳኝነትና የዱቄት ነገር አይደለም። ያጣላቸው በሽታው ነው፤ ሰው ሁሉ «ቀላል» የሚለው አዲሱ ዝርያ። ፋርማሲው ውስጥ ጧት ማታ የምትሰማው ክርክር ነው። አንዷ እያሳለች ትገባና «ይሄኛውማ ምን አለው፣ ጉንፋን በሉት!» ትላለች። ከኋላዋ የቆሙ ሽማግሌ «ጉንፋን ለማን?» ይሏታል። አፍ ለአፍ ገጥመው ሊደባደቡ ይደርሳሉ። እሷ በመስተዋቱ ኋላ ሆና ለሁለቱም መድኃኒታቸውን ትሰጣለች፤ ሁለቱም በየበኩላቸው ልክ ስለሚመስሏት ማታ ቤቷ የምትገባው ራሷን አዙሯት ነው።

«ዶክተርዬ» አላት አንድ ቀን ፉርኖ፣ ዶክተር እንዳልሆነች እያወቀ። «ዳቦ ቤት ግማሾቻችን ይዞን እኮ በሳምንቱ ጆንያ ተሸክመናል። የድሮው አይደለም።»

«ለአንተ አይደለም። ለአባቴ ሳንባ ግን የድሮም አዲስም የለውም።»

«አውቃለሁ። አልናቅኩትም። ግን እስከ መቼ በመስኮት?»

ይቺ ጥያቄ ሆዷ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች። እስከ መቼ በመስኮት? እጁን እንኳ በወጉ ይዛው አታውቅም። በመጨረሻ አባቷን ለመነች፤ ዳኛውም «እሑድ ይምጣ፣ እኔው ራሴ ልየው» አሉ። ለእሱ አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቀችው። «ትንሽ እንኳ ከተሰማህ እንዳትመጣ። ሌላ ቀን እናደርገዋለን። ማልልኝ።» ማለላት። በዚያው ሳምንት የላከው ዳቦ ሥሩ አርሮ መጣ። አባቷ ገልብጠው አዩትና «ፍቅር ራሱን አሳተው መሰለኝ» ብለው ቀለዱ። እሷም ሳቀች። ያኔ መሳቋን ስታስታውስ ዛሬም ድረስ ያንገበግባታል።

እሑድ ዕለት ታዲያ ፉርኖ አዲስ ኮት ለብሶ፣ ጭምብሉን አጥልቆ፣ በፊት ለፊት በር እንደመምጣት እግሩ በለመደው በጓሮ በኩል መጣ። መስኮቱን ከፈተችለት።

«አለ?»

አንገቱን አስገባ። ጭምብሉን ዝቅ አድርጎ አየር ሳበ። ዓይኑን ግን አልጨፈነም። የሚያየው እሷን ነበር።

«የለም።»

እፎይ አለች። ዞሮ እንዲገባ ምልክት ሰጥታው መስኮቱን ዘጋች። ሽታው ግን እንደ ወትሮው ብን ብሎ አልጠፋም። ቆሟል። ልክ የሆነ ሰው ግድግዳውን ተደግፎ የሚጠብቃት ይመስል ነበር። «ፍርሃት ነው» ብላ ራሷን ተቆጣችና ሳሎን ገባች።

ዳኛው ከፕላስቲኩ በቀር ሌላ ሽታ የማያሳልፈውን የኦክስጅን ቱቧቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው ትልቁ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ማሽኑ ከጎናቸው እፍ፣ እፍ ይላል። እንግዳውን ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

«ያን ነገር አውልቀው።»

«ይቅርታ፣ ለእርስዎ ጤና ብዬ ነው።»

«ፊቱን ያላየሁትን ሰው ቃል ተቀብዬ አላውቅም። አውልቀው።»

ፉርኖ ወደ እሷ ዞረ። ያ አስተያየት! ዓይኑ ውስጥ የሆነ ነገር ይለምናት ነበር። እሷ ግን ዓይን አፋርነት መሰላትና በፈገግታ አበረታታችው። ጭምብሉን አወለቀ።

«ቀላል ነው ይላሉ አይደል አዲሱን?» አሉ ዳኛው። «እኔ ችሎት ላይ በነበርኩ ጊዜ ቀላል የአካል ጉዳት የሚባል ክስ ነበር። ሕጉ ነው ቀላል ያለው። የተመታውን ሰው ስጠይቀው ግን፣ ቀላል ነው ያለኝ አንድም አላጋጠመኝ።» ትንፋሽ ወሰዱ። «አንተስ ምን ትላለህ?»

«እኔ... ሰው መኖርም አለበት ባይ ነኝ። ግን እርስዎ ያሉት—» ብሎ ሊቀጥል ሲል አነጠሰው።

«ይማርህ።»

«ዱቄት ነው» አለ ቶሎ ብሎ።

ሽታው በዚህ ጊዜ ሳሎን ደርሶ ነበር። ቅርንፉዱ ጉሮሮዋን ያዛት። ባዶው ወንበር፣ እናቷ ትቀመጥበት የነበረው፣ ዓይኗን ጎተተው፤ የወንበሩ ልብስ ሰው ገና የተነሣበት ይመስል ሰርጉዷል። «ቅድም እኔው ነኝ የተቀመጥኩበት» አለች በሆዷ። ተቀምጣበት እንደነበር ግን እርግጠኛ አልነበረችም። «ሻይ ላፍላ» ብላ ተነሣች።

ኩሽናው ውስጥ ሽታው ከመወፈሩ የተነሣ በእጅ የሚገፋ መሰላት። ክብሪቱን አነሣች። እጇ አልታዘዝ አላት። በእሷና በምድጃው መካከል እርጥብ ጸጉሯን የበተነች ሴት ቆማ «አይሆንም» የምትላት ያህል አንድ እርምጃ መራመድ አቃታት።

«ና እስቲ!» ብላ ተጣራች። መጣ። «በደንብ አሽት። አለ?»

ፊቱ ላይ የሆነ ጥላ አለፈ። «የለም። ምንም የለም፣ ዶክተርዬ። አትፍሪ፣ አለሁልሽ።»

ከራሷ አፍንጫ፣ ከራሷ እጅ ይልቅ እሱን አመነች። ክብሪቱን ከቀፎው አወጣች።

በዚህ መሐል የጓሮው በር ተበረገደ። አክስቷ ናት።

«ኧረ ጋዝ! ኧረ ጋዝ ጨረሳችሁ! ጣይው ክብሪቱን! ጣይ!»

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ሩጫ ነበር። አክስቷ የሲሊንደሩን መዝጊያ ጠመዘዘች፤ መስኮት ሁሉ ተከፈተ። የተሰነጠቀው የጋዝ ጎማ ቀስ ብሎ ሲተነፍስ የዋለ ነበር። ፉርኖ ዳኛውን እንደ ሕፃን አቅፎ፣ ፊቱን ከፊታቸው አጣብቆ ጓሮ አወጣቸው። ወንበር ላይ አስቀምጧቸው ቀና ሲል ከእሷ ጋር ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። ሁሉ ነገር ገባት። ያረረው ዳቦ። ያልጨፈነው ዓይን። ማነጠሱ።

«አይሸትህም» አለችው።

«አዎ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከረቡዕ። ጉንፋን ነው አልኩ። ሌላ ምንም አላመመኝም፤ ትኩሳት እንኳ የለኝም። ቀላል ነው አልኩ።»

«አልተመረመርክም?»

«ብመረመርና ቢገኝብኝ... ዛሬን አጣለሁ ብዬ ፈራሁ። ይሄን ቀን ስንት ጠበቅነው!»

«ታዲያ አይሸተኝም አትልም? ለምን የለም አልከኝ?»

አንገቱን ደፋ። «ሁልጊዜም የለም ነበር። አንድም ቀን ኖሮ አያውቅም። ዛሬም የለም ይሆናላ ብዬ።»

«ክብሪት ይዤ ነበር እኮ!» ድምጿ ተሰበረ። «እጄ እምቢ እያለኝ አንተን ነው ያመንኩት! አባቴ የአንተን ትንፋሽ ነው ሲተነፍሱ የነበረው! ሂድ። ዓይኔ እያየህ እዚህ አትቁም፣ ሂድልኝ!»

ኮቱን ትከሻው ላይ እንዳንጠለጠለ ሄደ። እሷም ሲሄድ ሳታየው እንዳይሰወርባት ፈርታ እስከ ጓሮው በር ድረስ በዓይኗ ሸኘችው፤ ይሄም ራሱ አናደዳት።

በማግሥቱ ሳይሆን በሌላው ቀን አባቷ ማሳል ጀመሩ። ከራሷ ፋርማሲ ባመጣችው መመርመሪያ ላይ ሁለቱ መስመሮች ቁልጭ ብለው ወጡ። እሷንም ያዛት፤ ለእሷ በእውነትም ጉንፋን ሆነ። ንፍጥ፣ ትንሽ ራስ ምታት፣ በቃ። ለእሷ ቀላል መሆኑ ራሷን አበሸቃት። ግድግዳውን ተሻግሮ ደግሞ አባቷ እንደ መጋዝ እየተነፈሱ አልጋ ይዘው ነበር፤ ሐኪሙ መጥቶ የማሽኑን ኃይል ጨመረው። አንድ ቤት ውስጥ፣ አንድ በሽታ፣ በአንደኛው ክፍል ቀላል በሌላው ክፍል ከባድ። ያ ሁሉ የፋርማሲ ክርክር እዚህ ኮሪደር ላይ መጥቶ የቆመ መሰላት።

ሌላም ነገር ሆነ። ጎማው ከተቀየረ ጀምሮ ያ ሽታ ድራሹ ጠፋ። የሰው ነገር አይገባም፤ ስትሸሸው የኖረችውን አሁን ኮሪደር ላይ ቆማ አየር እየሳበች ትፈልገው ጀመር። የተበላሸ አፍንጫዋ ጋዙን ወደ ቅርንፉድ እንደለወጠው ታውቃለች። እናቷ ለሁለተኛ ጊዜ የተለየቻት መሰላት እንጂ እውቀቷ አልጠቀማትም።

ፉርኖ ማታ ማታ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ጭምብሉን አጥልቆ ጓሮ ይመጣል። አያንኳኳም። ዳቦ መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀምጦ ራቅ ብሎ ይቆማል። ዳቦው እንዳረረ ነው። አክስቷ «ድፍረቱ!» እያለች ለወፍ ትበትነዋለች። ልጅቷ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ ታየዋለች፤ እሱም ያያታል፤ ከዚያ ሁለቱም መሬት መሬት ያያሉ። አንድ ማታ ግን ሳታስበው ከመስተዋቱ ኋላ ሆና ጠየቀችው።

«አለ?»

መስኮቱ ዝግ ስለነበር ከከንፈሯ ነው ያነበበው። «የለም» ቢላት መጋረጃውን ለዘለዓለም ልትዘጋው ነበር። እሱ ራሱን ነቀነቀ።

«አላውቅም» አለ ጮክ ብሎ፣ እንድትሰማው። «አልተመለሰልኝም። በእኔ አትተማመኚ። አክስትሽን ጠይቂያት።»

አንጀቷን በላው። ያን ዕለት እሑድ እንዲላት የፈለገችው ይቺን አንዲት ቃል ነበር። መስኮቱን ግን አልከፈተችለትም። ግንባሯን መስተዋቱ ላይ አሳርፋ አለቀሰች።

አባቷ ቀና ብለው መቀመጥ በቻሉ ቀን እጇን ያዙ። ድምፃቸው ገና የሹክሹክታ ያህል ነበር።

«ያን ልጅ ጭምብሉን ያስወለቅኩት እኔ ነኝ። ፍርድ ስትሰጪ ይሄንንም መዝግቢው።»

«ዋሽቶናል፣ አባዬ።»

«ዋሽቷል። እኔስ? እናትሽ ያኔ ትኩሳት ሲጀምራት፣ ብርድ ነው፣ ቀላል ነው፣ አያስፈራም ያልኳት እኔ ነበርኩ።» ዓይናቸው ውሃ ሞላ። «ላጣት ስላልፈለግሁ ነው ቀላል ያልኩት።»

እጃቸውን ጉንጯ ላይ አድርጋ እንቅልፍ እስኪወስዳቸው ድረስ ቆየች።

በዚያው ዕለት ወደ ማታ ኩሽና ስትገባ ዳቦው ደፉ ላይ ነበር። መስኮቱን ከፍታ አንሥታ ገለበጠችው። ሥሩ ወርቅማ ነው፤ አንድም ያረረ ቦታ የለውም። ልቧ ዘለለ። ቀና ስትል ፉርኖ እዚያው ራቅ ብሎ ቆሟል። ከዚያች እሑድ ወዲህ መስኮቱን ስትከፍትለት የመጀመሪያዋ ነበር።

«ተመለሰልህ?»

«ከትናንት ጀምሮ። ትናንት ተመርምሬም ነበር፤ ነጻ ነኝ።» የውጤቱን ፎቶ ያነሣበትን ስልክ ከሩቅ ዘረጋላት።

ምንም አይሸታትም ነበር፤ ኩሽናው ባዶ ነው፣ ምድጃው ጠፍቷል፣ ሲሊንደሩ ተዘግቷል። ቢሆንም ከልማዷ ሌላ ቃል ከአፏ አልወጣ አላት።

«አለ?»

መጣ። አንገቱን በመስኮቱ አስገባ። ዓይኑን ጨፈነ። ቀስ ብሎ፣ ረጅም አድርጎ አየሩን ሳበ። ቅንድቡ ተሰበሰበ። ደግሞ ሳበ።

«አለ» አላት።

ከተዋወቁ ጀምሮ ብሏት የማያውቃት ቃል ናት። «ጋዝ ነው?» አለችው።

«አይደለም። ቅርንፉድ ነው።» ዓይኑን አልገለጠም። «ቅርንፉድ፣ ደግሞ ከሥሩ... ጸጉር። በሳሙና የታጠበ ጸጉር፣ ገና ያልደረቀ። ጸጉርሽን ታጥበሽ ነበር እንዴ?»

ጸጉሯ ደረቅ ነበር። ከሰሞኑ አልታጠበችውም።

«ማን ነገረህ?»

«ምኑን?»

ዓይኑን ገልጦ አያት። ውስጡ ውሸት ፈልጋ አጣች። ምን እንዳለ ስላልገባው፣ ማስደሰቱን ማስቀየሙንም ስላላወቀ ግራ የተጋባ ሰው ዓይን ነበር። በእጁ አመለከታት፤ «ከዚያ ነው የሚመጣው። ከኋላሽ።»

አልዞረችም። ትፈራለች ብላ ስትጠብቅ ፍርሃቱ አልመጣም፤ የመጣው ቅናት ነበር። እሷ የማይሸታትን እሱ ይሸተዋል! ከዚያ ቅናቱም ሄዶ ደረቷ ውስጥ የሆነ ነገር እየሞቀ ወጣ። ወደ ጓሮው በር ሄዳ መቀርቀሪያውን ሳበች።

ፉርኖ ደፉን ሲሻገር ሰውነቱን በትንሹ ወደ ጎን አደረገ፣ ልክ ሰው ጠባብ በር ላይ ለሌላ ሰው መንገድ እንደሚለቀው። ለምን እንዳደረገው ራሱም ያወቀው አይመስልም። ለመጀመሪያ ጊዜ እጁን ያዘችው። ሻካራና ሙቅ ነበር።

«ማነው የመጣው?» አሉ አባቷ ከመኝታ ቤት።

«እሱ ነው፣ አባዬ።»

ማሽኑ ሁለት ሦስት ጊዜ እፍ፣ እፍ አለ።

«ብቻውን ነው?»

«አላውቅም፣ አባዬ» አለች እንባዋ እየወረደ፤ በሩንም ሳትዘጋው ቆየች።